የቱን እንዝጋ? ማንን እንጠብቅ? ማንን እንመርምር?

የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ ዓለም አቀፍ የጤና አደጋነት ማብቃቱን ያስታወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከጎጃም የሚደርሱን ጥያቄዎች ግን አላባሩም። ያኔ ያደረግነው ልክ ነበር ወይ? ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣስ ከየት እንጀምር? ከተላኩልን መካከል የተወሰኑትን መርጠን መልሰናል። ቁጥሮቹ ለኮቪድ የተገኙ ናቸው። በትንፋሽ የሚተላለፍ ሌላ በሽታ ቢመጣ ቀኖቹና መጠኖቹ ይለያያሉ፤ ስሌቱ የሚሠራበት መንገድ ግን ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ነጋዴ ነኝ። በመጋቢት 2012 መጨረሻ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ ቲሊሊና አዲስ ቅዳም ለ14 ቀን እንቅስቃሴ ሲከለከል ልጭነው ያዘጋጀሁት ድንች መጋዘን ውስጥ አቆጥቁጦ በሰበሰ። በሽታው ይበልጥ የሚገድለው ሽማግሌዎችን ከሆነ እነሱን ብቻ ቤት አስቀምጦ ወጣቱ ሥራውን ቢሠራ አይሻልም ነበር? (ከእንጅባራ)

መልስ፦ ሐሳብዎ መሠረት አለው። ክትባት ከመምጣቱ በፊት በበለጸጉ አገሮች በተሰበሰበው መረጃ ቫይረሱ ከያዛቸው የ25 ዓመት ወጣቶች የሚሞተው ከ10,000 አንድ ገደማ ነበር። በ55 ዓመት ከ1,000 ሰው 4፣ በ65 ዓመት 14፣ በ75 ዓመት 46፣ በ85 ዓመት ደግሞ 150 ገደማ ይሞታል። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ጥበቃው ከአዛውንቱ፣ ከስኳርና ከልብ ታማሚው መጀመር አለበት በሚለው አንለያይም።

ነገሩ የሚከብደው "ለብቻ" የሚለው ቃል በእኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ሲታሰብ ነው። አያት የልጅ ልጃቸውን አቅፈው በሚተኙበት፣ ሁሉም አንድ መሶብ ከብቦ በሚበላበት ቤት አዛውንቱን ቤት ማስቀመጥ ማለት ከሚወጣውና ከሚገባው ሁሉ ጋር ማስቀመጥ ማለት ነው። በቁጥር እንየው። አንድ አዛውንት ከስድስት ቤተሰብ ጋር ይኖራሉ እንበል። በዚያ ሳምንት በአካባቢው ከ100 ሰው አንዱ ቫይረሱን ይዞ የሚዞር ከሆነ፣ ከስድስቱ ቢያንስ አንዱ ይዞት ቤት የመግባቱ ዕድል ከ100 ወደ 6 ይጠጋል። ከ100 ሰው 10ሩ ይዘውት ከሆነ ግን ዕድሉ 47 ይደርሳል። አዛውንቱ ከደጅ አልወጡም፤ ጥንቃቄያቸውም ያው ነው። የተለወጠው ከአጥር ውጭ ያለው ነው። ወጣቱ እንደ ልቡ ይዘዋወር ሲባል አንዱ ወደ አሥር ያድጋል፤ ያን ጊዜ በር መዝጋት ብቻውን አያድናቸውም።

ወደ 14 ቀኑ እንምጣ። አንድ የተያዘ ሰው በአማካይ ለ2.5 ሰው የሚያስተላልፍ፣ አንዱ ዙር ደግሞ 5 ቀን ገደማ የሚፈጅ ከሆነ፣ ዛሬ የተያዙት 100 ሰዎች በሦስተኛው ዙር፣ ማለትም በ15ኛው ቀን፣ ከ1,500 በላይ አዲስ ሕሙማን ያስከትላሉ። ከተማው ተዘግቶ አንዱ ለ0.8 ሰው ብቻ ቢያስተላልፍ ግን በ15ኛው ቀን የሚኖሩት 51 ናቸው። ትልቅ ትርፍ ነው። ነገር ግን በ16ኛው ቀን ምንም ዝግጅት ሳይደረግ ሁሉም ነገር እንደ ቀድሞው ቢከፈት 51ዱ በአራት ቀን ገደማ ተመልሰው 100 ይሆናሉ። ሌላም ጉድለት አለ። 14 ቀን የተመረጠው ምልክቱ ከተጋለጡ በኋላ እስከ 14 ቀን ሊዘገይ ስለሚችል ነው። ይህ ለአንድ ሰው ይሠራል። ሰባት ሰው በሚኖርበት ቤት ግን አባት በመጀመሪያው ቀን ተይዞ በስድስተኛው ቀን ለሚስቱ፣ እሷ በ12ኛው ቀን ለልጇ ልታስተላልፍ ትችላለች። ከተማው ሲከፈት ልጁ ገና ለሌላ የሚያስተላልፍበት ጊዜ ላይ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው "መዝጋት ነበረብን ወይ?" ከሚለው ይልቅ "በተዘጋው ጊዜ ምን ተሠራ?" የሚለው ነው። አንድ የገጠር ቀበሌ 5,000 ያህል ሕዝብ ቢኖረው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት 250 ገደማ ናቸው። ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በ14 ቀን ሊያዳርሷቸው ይችላሉ፤ ለአንዷ በቀን ዘጠኝ ቤት ቢደርሳት ነው። በየቤቱ መመዝገብ ያለበት ብዙ አይደለም፦ አዛውንቱ ከስንት ሰው ጋር ይኖራሉ፣ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ለስንት ቀን ቀርቷቸዋል፣ ማን ያስታምማቸዋል። ጎን ለጎን የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይታደላል፣ ውጤት በ24 ሰዓት የሚሰጥ የምርመራ ቦታ ይዘጋጃል፣ ቤት እንዲቀመጥ ለሚነገረው ሰው እህል ይጠራቀማል። ይህ ካልተሠራ መዝጋቱ ዕዳ ብቻ ጥሎ ያልፋል። በተለይ ከሰኔ እስከ ሐምሌ፣ በዘርና በማዳበሪያ ወቅት፣ ገበሬውን ማቆም የዓመት እህል ማጥፋት ነው። በእኛ እምነት በዚያ ወቅት የገጠር ቀበሌ ፈጽሞ መዘጋት የለበትም።

ድንችዎን በተመለከተ፦ ሰው ሲገደብ ጭነት መቆም የለበትም። ሾፌሩና ረዳቱ ከጋቢና ሳይወርዱ፣ ጫኝና አውራጁ በየቀኑ የማይቀያየር አንድ ቡድን ሆኖ፣ ክፍያው በስልክ ከተፈጸመ የሚተነፋፈሰው ሰው ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ 78 ዓመታቸው ነው፤ ደም ግፊት አለባቸው። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ ከእሳቸው ጋር ሰባት ነን። "ለይታችሁ ጠብቁ" ሲባል በየት በኩል ነው የምንለያቸው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ከክፍሉ በፊት ሰውን ይወስኑ። ከስድስታችሁ አንድ አስታማሚ ይመረጥ፤ ምግብ የሚያቀርብ፣ መድኃኒት የሚሰጥ፣ አጠገባቸው የሚተኛ እሱ ወይም እሷ ብቻ ትሁን። ከላይ ያየነውን ስሌት ያስታውሱ፦ ከ100 ሰው 10ሩ በተያዘበት አካባቢ ስድስት ሰው ሲጠጋቸው 47 የነበረው ዕድል አንድ ሰው ብቻ ሲጠጋቸው 10 ይሆናል። ምንም ገንዘብ ያልወጣበት ጥበቃ ነው። አስታማሚዋ ገበያ የምትወርደው ወይም ትምህርት ቤት የምትውለው አትሁን፤ ከቤት መውጣቷ ከሁሉም የሚያንሰው ትመረጥ። ተጠባባቂም ከወዲሁ ይኑር። አስታማሚዋ ጉሮሮዋን በከረከራት ሌሊት "አሁን ማን ይተካት?" ብሎ መወያየት ከተጀመረ ጊዜው አልፏል።

ቀጥሎ ቦታው። ከሁለቱ ክፍሎች መስኮት ወይም ወደ ውጭ የሚወጣ በር ያለውን ለእሳቸውና ለአስታማሚዋ ይልቀቁ። አንድ ክፍል ብቻ ያላቸው ሰዎች መጋረጃ ጋርደው ለየናቸው ይላሉ። መጋረጃ ዓይንን እንጂ ትንፋሽን አይከልልም፤ እንዲያውም ነፋሱን ስለሚያቆመው ሊጎዳ ይችላል። በዚህ ዓይነት ቤት አልጋቸውን ከሚከፈተው በር ወይም መስኮት አጠገብ ማድረግ፣ የሌሎቹን መኝታ ወዲያኛው ጥግ መውሰድ፣ ራስጌና ግርጌ አድርጎ መተኛት ይሻላል። የልጅ ልጅ አብሮ መተኛቱ ግን ይቅር። ልጁም አያቱም እንደሚከፉ እናውቃለን፤ ቀን ቀን ግቢ ውስጥ ይጫወቱ።

በሐምሌ ብርድ ደብረ ማርቆስ ላይ "መስኮት ክፈቱ" ማለት ለመናገር ይቀላል። ቀኑን ሙሉ መክፈት ካልተቻለ በየሰዓቱ በርና መስኮትን በአንድ ጊዜ ለአሥር ደቂቃ ወለል አድርጎ መክፈት፣ እሳቸው ጋቢ ደርበው መቆየት ይቻላል። አንዱን ብቻ መክፈት ብዙ አይጠቅምም፤ አየሩ ገብቶ የሚወጣበት ሁለት ቀዳዳ ይፈልጋል። ብርዱን ለማባረር የከሰል ምድጃ ዘግቶ ማስገባት ግን በጭራሽ አይሞከር። ከቫይረሱ ሳይያዙ በከሰል ጭስ በአንድ ሌሊት ቤተሰብ የሚያልቅበት አጋጣሚ አለ።

ምግብ ላይ ብዙ ቤተሰብ በማይሆነው ይጨነቃል። ሳሕንና ብርጭቆ በሳሙናና በውኃ ከታጠበ በቂ ነው፤ ለብቻ ማስቀመጥ አይጎዳም፣ ግን ዋናው መተላለፊያ እሱ አይደለም። ዋናው ፊት ለፊት ተጠጋግቶ መነጋገርና መተንፈስ ነው። ስለዚህ እሳቸው ይቅደሙና ይብሉ፤ ወይም አየሩ ሞቅ ሲል ሁላችሁም በረንዳ ላይ ሁለት ሜትር ተራርቃችሁ ብሉ። ቡናም እንዲሁ ውጭ ይፈላ። አስታማሚዋ ስትጠጋቸው አፍና አፍንጫዋን በማስክ ትሸፍን፤ አገጭ ላይ የወረደ ማስክ ምንም አይሠራም። መጸዳጃ የጋራ ከሆነ ሌላ ሰው ከተጠቀመ በኋላ በሩ ተከፍቶ ሩብ ሰዓት ይቆይ፤ ለሌሊት ፖፖ ይቀመጥላቸው።

የተነካካ ዕቃ ለማጽዳት 5 በመቶ የሆነውን የተለመደ በረኪና አንድ ኩባያ ከ49 ኩባያ ውኃ ጋር፣ ትውከት ወይም ደም የነካውን ለማጽዳት ደግሞ አንድ ኩባያ ከዘጠኝ ኩባያ ጋር ይቀላቅሉ። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጥ። ከሌላ ማጽጃ ጋር አይደባለቅ፣ ሰው ላይ አይረጭ።

መጠበቅ በራሱ ሌላ ሕመም እንዳያመጣ ይጠንቀቁ። ክፍል ውስጥ የተቀመጡ አዛውንት ምግብ ይቀንሳሉ፣ እግራቸው ይዝላል፣ ክኒን ይረሳሉ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሙቁ፣ በግቢው ጥቂት ይራመዱ። የንስሐ አባታቸው መምጣት ከፈለጉ ይምጡ፤ ግቢ ውስጥ ራቅ ብለው ይቀመጡና ይምከሯቸው፣ ይጸልዩላቸው። ይህን መከልከል አያስፈልግም።

በቤቱ አንድ ሰው ካሳለ እናትዎን ቶሎ ብሎ ሌሎች አዛውንት ወዳሉበት ዘመድ ቤት መውሰድ ትልቅ ስሕተት ነው። ሰው ምልክት ከማሳየቱ ሁለት ቀን አስቀድሞ ማስተላለፍ ይጀምራል፤ እሳቸውም ተይዘው ሊሆን ይችላል። የታመመው ይራቅ፣ እሳቸውና አስታማሚዋ ባሉበት ይቆዩ። ጎረቤታሞች ቤት ተለዋውጠው አዛውንቶቻቸውን በአንድ ቤት ማኖር የሚቻለው ማንም ሳይታመም፣ አስቀድሞ ሲታቀድ ነው። ያም ቢሆን ከአምስት ከስድስት ሰው አይብለጥ፤ በሽታው አንዴ ከገባ ሁሉንም ያዳርሳል።

ጥያቄ፦ ከታመመ ጓደኛዬ ጋር ምሳ በበላሁ በማግሥቱ በፈጣኑ መመርመሪያ ተመርምሬ "ነፃ ነህ" ተባልኩ። ወላጆቼን ልጠይቅ ገጠር ወረድኩ። በአምስተኛው ቀን አተኮሰኝ። ምርመራው ውሸት ነው ማለት ነው? (ከሞጣ)

መልስ፦ መሣሪያው አልዋሸም፤ ቀኑ አልደረሰም ነበር። ቫይረሱ ገብቶ እስኪራባ ድረስ አፍንጫ ውስጥ የሚገኝ ነገር የለም። ከፈጣኑ የተሻለ የሚባለው ፒሲአር (በላቦራቶሪ የቫይረሱን ዘረመል አባዝቶ የሚፈልገው ምርመራ) እንኳ በተያዙበት ቀን ምንም አያገኝም። በ2012 የወጣ የጥናቶች ጥንቅር እንዳሳየው ከተያዙ በአራተኛው ቀን ፒሲአር ከ100 ሕሙማን 67ቱን ይስታቸዋል፤ ምልክት በታየበት ቀን 38ቱን፤ ምልክቱ ከጀመረ በሦስተኛው ቀን ግን የሚስተው 20 ያህሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ከታመመ ሰው ጋር የተቀመጠ ሰው ወዲያው ቤት ይቆይ፤ ምልክት ካልመጣ በአምስተኛው ቀን ወይም ከዚያ በኋላ ይመርመር። በማግሥቱ የተገኘ "ነፃ ነህ" ወላጅ ለመጠየቅ ፈቃድ አይሆንም።

የተገላቢጦሹም ስሕተት አለ፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ገበያ መግቢያ ላይ 1,000 ጤነኛ የሚመስሉ ሰዎችን አቁመን በፈጣኑ መመርመሪያ እንመርምር። ከእነሱ በእውነት የተያዙት 10 ናቸው እንበል። የዓለም ጤና ድርጅት ለእነዚህ መመርመሪያዎች ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት ከ100 ሕሙማን 80ውን ማግኘት፣ ከ100 ጤነኞች 97ቱን ነፃ ማለት ነው። ከአሥሩ ስምንቱን ያገኛል። ከ990ው ጤነኞች ግን 30 ያህሉን በስሕተት "ተይዛችኋል" ይላል። 38 ሰው ከሥራው ሲለይ የታመሙት 8 ብቻ ናቸው፤ ሁለት ሕሙማን ደግሞ ነፃ ተብለው ገበያ ገብተዋል። ያንኑ መመርመሪያ ትኩሳትና ሳል ይዟቸው ጤና ጣቢያ ለመጡ 1,000 ሰዎች ብንጠቀምበትና 200ው በእውነት ተይዘው ቢሆን 160ውን ያገኛል፤ በስሕተት የሚይዘው 24 ብቻ ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ፣ የተለያየ ፍሬ። መመርመሪያ ሲያጥር የሚቀድመው ምልክት ያለው ሰው፣ ቀጥሎ የአዛውንት አስታማሚና የጤና ባለሙያ ነው። ከሁሉም የሚያንሰው ጥቅም መንገደኛን እያስቆሙ መመርመር ነው።

አሠራሩም ያሳስታል። ዘንጉ አፍንጫ ጫፍ ላይ ተነካክቶ ከወጣ ናሙና የለም፤ እንደ መመሪያው ጥልቀት ገብቶ ግድግዳውን እየነካ በቀስታ ይሽከርከር። ጠብታው መመሪያው ከሚለው አይብለጥ፣ አይጉደል። ውጤቱ በተጻፈው ደቂቃ ውስጥ ይነበብ፤ ብዙዎቹ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይላሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ብቅ ያለ ደብዛዛ መስመር አይቆጠርም። ከረጢቱ ከተከፈተ ወዲያው ይሠራበት፤ እርጥበት ያበላሸዋል። አብዛኞቹ የሚቀመጡት ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ነው። ከአዲስ አበባ ተጭኖ የዓባይን በረሃ እኩለ ቀን ላይ በተዘጋ መኪና የሚያቋርጥ ካርቶን ይህን ገደብ በቀላሉ ያልፋል፤ ጭነቱ በማለዳ ወይም በማቀዝቀዣ ሣጥን ይሁን።

ጥያቄ፦ አረቄ እጅ ለማጽዳት ይሆናል? ብንጠጣውስ? (ከአማኑኤል)

መልስ፦ አይሆንም። እጅ ለማጽዳት አልኮሉ ቢያንስ 60 በመቶ መሆን አለበት፤ የቤት አረቄ ከዚያ በታች ነው። ሳሙናና ውኃ ይበልጠዋል። መጠጣቱ ቫይረሱን አይነካውም፤ ሰው ጠጋ ጠጋ ብሎ እንዲጮህ ግን ያደርጋል።

ጥያቄ፦ የእድር ዳኛ ነኝ። በወረርሽኝ ጊዜ ለቅሶን እንዴት እናድርገው? ሙሉ በሙሉ ከከለከልን ሰው ተደብቆ ይሰበሰባል። (ከቡሬ)

መልስ፦ ልክ ብለዋል፤ የተከለከለ ለቅሶ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይለቀሳል፣ ያ ደግሞ የባሰ ነው። ክፍት አድርጎ ማሳነስ ይሻላል። ድንኳኑ ጣሪያ ብቻ ይኑረው፣ መጋረጃዎቹ ይነሡ። አግዳሚዎቹ ይራራቁ። ለቀስተኛ በተራ ይግባ፤ ከሃያ ከሃያ አምስት ሰው በላይ በአንድ ጊዜ አይቀመጥ፣ ቆይታውም ከሩብ ሰዓት አይለፍ። ሙሾ አውራጅዋ ከሰው ፊት ራቅ ብላ ትቁም፤ ጮኾ ማልቀስና ማዜም ከተራ ንግግር ይልቅ ብዙ ትንፋሽ ይረጫል። ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ አባሎች በስልክ ያጽናኑ፤ በዚህ ምክንያት ቅጣት እንዳይጣልባቸው አስቀድማችሁ በስብሰባ ወስኑ። ተዝካር በ40 ቀን ብቻ አይወሰንም፤ በ80 ቀን ወይም በዓመት ማውጣትም ስላለ ቤተሰቡን ከካህናቱ ጋር አስማምታችሁ ድግሱን ወረርሽኙ ጋብ እስኪል አስተላልፉት።

የእድሩ ጸሐፊ የመጣውን ሰው ስምና ሰዓት ይመዝግብ። በኋላ አንድ ለቀስተኛ ቢታመም ያ ደብተር ንክኪ ያላቸውን በአንድ ቀን ለማግኘት ያስችላል፤ ያለ እሱ ሳምንት ይፈጃል።

እድር ከለቅሶው የበለጠ ሊሠራ የሚችለው ሌላ ሥራ አለ። ቀን ሠራተኛን "ተጋልጠሃል፣ 14 ቀን ቤትህ ተቀመጥ" ማለት ይቀላል። በሦስተኛው ቀን እህሉ ሲያልቅ ይወጣል፤ ማንም ይወጣል። የምርመራው፣ የምዝገባው፣ የክትትሉ ድካም ሁሉ የሚፈስሰው በዚህች ቀዳዳ ነው። ስሌቱ እነሆ፦ በአገራችን በተለመደው የእርዳታ መጠን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር ገደማ ዘይት ይሰጣል። ለአምስት ሰው ቤተሰብ ለ14 ቀን ሲሰላ 35 ኪሎ በቆሎ ወይም ስንዴ፣ ሦስት ኪሎ ተኩል ሽሮ ወይም ባቄላ፣ አንድ ሊትር ዘይት ይሆናል። በእሱ ላይ ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪትና ውኃ የሚቀዳለት ሰው ይጨመር። ይህ አስቀድሞ ተለክቶ በከረጢት ከተቀመጠ ሰውየው ውጤቱን በሰማበት ቀን ማታ ደጁ ይደርስለታል። መቶ አባላት ያሉት እድር እያንዳንዱ አባል አንድ ጣሳ እህል ቢያዋጣ ለሁለት ለሦስት ቤተሰብ መነሻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በመኸር ልጆቻችን ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ሄደው ብዙ ሆነው በአንድ ጊዜ ይመለሳሉ። ሁሉንም ለመመርመር መመርመሪያ አይበቃም ተብለናል። ሌላ መላ የለም? (ከዳንግላ)

መልስ፦ አለ። ናሙናን ቀላቅሎ መመርመር ይባላል፤ መጀመሪያ በ1935 ዓ.ም. ገደማ ለአሜሪካ ምልምል ወታደሮች የቂጥኝ ምርመራ የታሰበ ዘዴ ነው። ላቦራቶሪው የአሥር ሰው ናሙና በአንድ ላይ ቀላቅሎ አንድ ፒሲአር ይሠራል። ቫይረስ ካልተገኘ አሥሩም ነፃ ናቸው። ከተገኘ አሥሩ ለየብቻ ይመረመራሉ። ከ100 ተመላሽ አንዱ ብቻ የተያዘ ከሆነ ለ1,000 ሰው የሚያስፈልገው ምርመራ 196 ገደማ ነው። ምርመራው ወደ አንድ አምስተኛ ወረደ ማለት ነው። ከ100 አሥሩ ከተያዙ ግን አብዛኛው ቅልቅል ውስጥ ቫይረስ ስለሚገኝ ለ1,000 ሰው 750 ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ በአራት በአራት መቀላቀል ይሻላል፣ ወደ 594 ይወርዳል። ከዚያ በላይ በጨመረ ቁጥር ቁጠባው እያነሰ ይሄዳል፤ ከ100 ሰው 30 ያህሉ ከተያዙ ዘዴው ድካም ብቻ ነው።

ጉዳትም አለው። የአንዱ ናሙና በአሥር ሲቀጥን ማሽኑ ቫይረሱን ለማየት ሦስት ዙር ያህል ተጨማሪ ማባዛት ይፈልጋል፤ ጥቂት ቫይረስ ያለው ሰው ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ መቀላቀሉን የሚሠራው ላቦራቶሪው ነው፤ ጤና ኬላ ላይ ዘንጎችን በአንድ ጠርሙስ መክተት አይቻልም። ናሙናው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሆኖ በ72 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ልጆቹ ከአውቶቡስ እንደወረዱ ሳይሆን በአምስተኛው ቀን ናሙና ይስጡ፤ ነፃ ከሆኑ በሰባተኛው ቀን ይለቀቁ፤ ምርመራ ጨርሶ ካልተገኘ አሥር ቀን ይቆዩ። እስከዚያ ከአያቶቻቸው ጋር አይደሩ። በመከር ጎተራ አጠገብ ወይም ማሳ ላይ ጎጆ ቀልሰው ቢያድሩ ሥራውም አይስተጓጎልም።

ጥያቄ፦ ገደቡ መነሣት ያለበት መቼ ነው? ገበያስ? (ከቢቸና)

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 ያቀረበው መለኪያ ከተመረመሩት ውስጥ የተያዙት ለሁለት ሳምንት ያህል ከ5 በመቶ በታች ሲሆኑ ነው። ሲነበብ ግን የተመረመረው ሰው ብዛት አብሮ ይታይ። በሳምንት 200 ተመርምሮ 8 መገኘት አንድ ነገር ነው፤ መመርመሪያ አልቆ 25 ብቻ ተመርምሮ አንድ መገኘት መቶኛው ያው 4 ቢሆንም ምንም አያሳይም። ገደቡ ሲላላ መጀመሪያ ውጭ የሚሠራው ሥራ፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤት በፈረቃ፣ በመጨረሻ የተዘጋ አዳራሽና ጠላ ቤት ይከፈት። የአዛውንቱ ጥበቃ ከሁሉም በኋላ ይላላ።

ገበያን ከመዝጋት መበተን ይሻላል። የአንዱ ወረዳ ገበያ ሲዘጋ ሰዉ ወደ ጎረቤት ገበያ ይጎርፍና ሁለት ወረዳ ይደባለቃል። ከብቱ፣ እህሉ፣ ቅቤውና አትክልቱ በተለያየ ሜዳና ቀን ቢገበያዩ ሕዝቡ ያንሳል፣ ንግዱም ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ገዝተን አባታችንን ስንለካ 93 አሳየ። ሳይታመሙ ነው። ደነገጥን። (ከባሕር ዳር፣ ወላጆቹ ሰከላ የሚኖሩ)

መልስ፦ ሰከላ ደጋ ነው። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ የጤነኛ ሰውም ቁጥር ከቆላው ጥቂት ዝቅ ይላል። ከ94 በታች አደጋ ነው የሚለው ምክር ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ ነው። ስለዚህ አባትዎ ደህና ሳሉ ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ ይለኩና ቁጥሩን ይጻፉ፤ የእሳቸው መነሻ እሱ ነው። ሲታመሙ ከመነሻቸው ሦስትና ከዚያ በላይ ከወረደ ለጤና ጣቢያው ይደውሉ። 90ና ከዚያ በታች ከሆነ፣ ወይም ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ደረታቸውን ከጨመቃቸው፣ ከተደናገሩ ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ ሳይዘገዩ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

ሲለኩ እጃቸው ይሙቅ፤ በብርድ የደረቀ ጣት ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። እንሶስላ ወይም የጥፍር ቀለም የሌለበት ጣት ይመረጥ። አምስት ደቂቃ አርፈው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ቁጥሩ መወዛወዙን እስኪያቆም ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ። መሣሪያው በጠቆረ ቆዳ ላይ ከትክክለኛው ጥቂት ከፍ አድርጎ የማሳየት ዝንባሌ ስላለው ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሰውየው ከደከሙ ሰውየውን ይመኑ።